ደም ውስጥ ሞልቶ፣ ፍሬው ውስጥ ነጥፎ

አንድ የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን የተጻፉ ሁለት ቁጥሮች ካየኋቸው ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጡም። ቴስቶስትሮን፦ 1,140 ናኖግራም በዴሲሊትር። የስፐርም ብዛት፦ 0። የወረቀቱ ባለቤት የጠየቀው ጥያቄ ደግሞ ከቁጥሮቹ ይብሳል፦ «የወንድነት ሆርሞንህ ከልክ በላይ ሞልቷል እያሉኝ፣ ዘሬ ታዲያ የት ገባ?»

ከወረቀቱ ግርጌ ማንም ልብ ያላላቸው ሁለት መስመሮች ነበሩ። ኤልኤች ከ0.1 በታች፣ ኤፍኤስኤች ከ0.1 በታች፤ ሁለቱም ከአንጎል ሥር ተነስተው የዘር ፍሬውን ሥራ የሚያዝዙ ሆርሞኖች ናቸው። እነዚህን ሁለት መስመሮች ያነበበ ሰው ሌላ ምርመራ ሳያዝዝ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «መርፌ ትወስዳለህ?» ይወስድ ነበር። በየሳምንቱ ቴስቶስትሮን። ያዘዘለትም «የዘርህ ቁጥር አነስተኛ ስለሆነ ከፍ ያደርግልሃል» ብሎ ነው።

ይህ ስህተት የአንድ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላሰብኩበት። ግን ልጅ ለሚፈልግ ወንድ ቴስቶስትሮን መስጠት እሳት ለማጥፋት ቤንዚን እንደማርከፍከፍ ነው፤ ሆኖም በጂምም በክሊኒክም ይደረጋል። የተለመደው መልስ «አንጎል ይታለላል» የሚል ነው። ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ መልስ ነው። መልሱ የዘር ህዋስ ከዘር ፍሬው ከወጣ በኋላ የሚያልፍበትን ረጅም መንገድ ሙሉ በሙሉ ይዘለዋል፤ የእኔን ሐሳብ ይዞ የቀረው ደግሞ እሱ መንገድ ነው።

የሁለት ሰዓት ትርታ

ከአንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ ጂኤንአርኤች የሚባለውን ሆርሞን የሚለቀው እንደ ቧንቧ ሳያቋርጥ አይደለም፤ በትርታ ነው፣ በየ90 እስከ 120 ደቂቃ ገደማ አንዴ። ትርታው ራሱ መልእክት ነው። ተመራማሪው ኧርንስት ክኖቢልና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ መጨረሻ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዝንጀሮዎች ላይ ሲሠሩ ያዩት ይህንኑ ነው፦ ሆርሞኑን ያለማቋረጥ ሲያንቆረቁሩት ከሃይፖታላመስ ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ዝም አለ፤ በሰዓቱ እየቆራረጡ ሲሰጡት እንደገና ነቃ።

ፒቱታሪ ሲነቃ ሁለት ነገር ይልካል። ኤልኤች ፍሬው ውስጥ ወዳሉት የላይዲግ ህዋሳት ሄዶ ቴስቶስትሮን እንዲሠሩ ያዛል። ኤፍኤስኤች የዘር ህዋሳትን አቅፈው ወደሚያሳድጉት የሰርቶሊ ህዋሳት ይሄዳል። ቴስቶስትሮኑ ከተሠራበት ቦታ ወደ ደም ከመግባቱ በፊት በመጀመሪያ ጎረቤቱን ያጠግባል። ለዚህ ነው ፍሬው ውስጥ ያለው መጠን ደም ውስጥ ካለው ከ50 እስከ 100 እጥፍ የሚበልጠው። የዘር ህዋስ የሚሠራው በዚያ ጥልቅ ኩሬ ውስጥ ነው፤ ደም ውስጥ ያለው ለጡንቻ፣ ለጢም፣ ለአጥንት ይበቃል፣ ለዘር ግን አይበቃም።

አሁን መርፌው ይገባል። አንጎል የሚለካው ደሙን ነው፤ ፍሬው ውስጥ ምን እንዳለ የሚያይበት ዓይን የለውም። ደሙ ሞልቶ ሲያገኘው ትርታውን ይቀንሳል፣ ኤልኤች ይወርዳል፣ የላይዲግ ህዋሳት ሥራ ያቆማሉ። ከውጭ የገባው ሆርሞን ደግሞ በደም በኩል ተመልሶ ያንን ኩሬ ሊሞላው አይችልም። በ2005 የታተመ አንድ ጥናት ይህን በቀጥታ ለክቶታል። 29 ጤነኛ ወንዶች በሳምንት 200 ሚሊግራም ቴስቶስትሮን ኢናንቴት ለ3 ሳምንት ወሰዱ፤ ፍሬያቸው ውስጥ ያለው ሆርሞን በመርፌ ተቀድቶ ሲለካ፣ ቴስቶስትሮን ብቻ የወሰዱት ላይ በ94 በመቶ ወርዶ ተገኘ። በ3 ሳምንት! ደማቸው ግን ጠግቦ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን አውቆ መርፌውን እንደ ወንድ የወሊድ መከላከያ ሞክሮታል። በ1990 በታተመው ጥናት በ7 ሀገራት 271 ወንዶች በየሳምንቱ ያንኑ 200 ሚሊግራም ወሰዱ። 157ቱ ዘራቸው ዜሮ ገብቶ ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ አለፉ፤ በቀጣዮቹ 12 ወራት በሚስቶቻቸው ላይ የታየው እርግዝና 1 ብቻ ነበር። የወሊድ መከላከያ ሆኖ የተፈተነ መድኃኒት ነው እንግዲህ ለመውለጃ ተብሎ የሚታዘዘው።

ከፍሬው የወጣ ገና ጥሬ ነው

እስካሁን ያለው የፋብሪካው ታሪክ ነው። ፋብሪካው ከመጀመሪያው ህዋስ ተነስቶ ጭራ ያለው ስፐርም እስኪያወጣ ድረስ 74 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። የሚያወጣው ግን ጥሬ ዕቃ ነው፤ ቅርጹ የተሟላ፣ ጭራው ያለ፣ ግን መዋኘት የማይችል።

ፍሬውን ለቅቆ የወጣው ዘር መጀመሪያ ከ10 እስከ 15 በሚደርሱ ቀጫጭን ቱቦዎች ያልፋል። እዚያ አብሮት የመጣው ፈሳሽ 90 በመቶ ያህሉ ይመጠጣል፤ ዘሩ ከቀጭን ሾርባ ወደ ወፍራም ይለወጣል። የሚገርመው፣ ይህን መምጠጥ የሚያዘው ቴስቶስትሮን አይደለም፣ ኤስትሮጅን ነው። «የሴት ሆርሞን» ብለን የፈረጅነው! በ1997 ሬክስ ሄስና ባልደረቦቹ ህዋስ ኤስትሮጅንን የሚቀበልበት ፕሮቲን (መቀበያ አልፋ) የሌላቸውን ወንድ አይጦች ሲያዩ፣ ቱቦዎቹ ፈሳሹን መምጠጥ አቅቷቸው ሞልተው አገኟቸው። ፈሳሹ ወደኋላ ተጭኖ ፍሬውን ወጠረው፣ በመጨረሻም አሟሸሸው። አይጥ ሰው አይደለም፤ ቢሆንም ጡት እንዳያወጣቸው ሲሉ በስቴሮይዳቸው ላይ የኤስትሮጅን ማገጃ ክኒን የሚደርቡ ወጣቶች ይህን ቢያውቁት እወዳለሁ። ኤስትሮጅንን ከወንድ አካል ጠርጎ ማውጣት ጽዳት አይደለም።

ከዚያ ኤፒዲዲሚስ ይመጣል። ከፍሬው ጀርባ በጣት ሲዳሰስ እንደ ገመድ ጉብታ የሚሰማው ነው። ተጠቅልሎ ጥቂት ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ቢዘረጋ ግን አንድ ነጠላ ቱቦ ሆኖ 6 ሜትር ያህል ይረዝማል። ራስ፣ አካልና ጅራት አለው። የዘር ህዋስ ይህን የሚጓዘው በራሱ ጉልበት አይደለም፤ የቱቦው ግድግዳ ቀስ እያለ ይገፋዋል፣ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት እዚህ ቃል በቃል ማየት ይቻላል።

ከእንስሳ ኤፒዲዲሚስ ራስ ላይ ጠብታ ወስዶ 400 ጊዜ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ያየ ሰው አይረሳውም። አብዛኞቹ ዝም ያሉ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ጭራቸውን ነካ ነካ ያደርጋሉ ወይም እዚያው ይሽከረከራሉ። አንገታቸው ሥር ከፋብሪካው የተረፈች የሳይቶፕላዝም ጠብታ ተንጠልጥላለች። ከጅራቱ የተወሰደውና በተስማሚ ፈሳሽ የተበረዘው ጠብታ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፦ ሜዳውን ቀጥ ብለው ሰንጥቀው ያልፋሉ፤ ያቺ ጠብታ ከአንገት ወደ ታች ተንሸራትታለች ወይም ወድቃለች።

ለረጅም ጊዜ ይህ ለውጥ የዕድሜ ብቻ ነው፣ ዘሩ የትም ቢቆይ ይበስላል ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ1967 ማሪ-ክሌር ኦርጀበን-ክሪስት እና ማይክል ቤድፎርድ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጥንቸል ላይ ሠርተው ሐሳቡን ገለበጡት። ቱቦውን ላይኛው ክፍል ላይ ቢያስሩትና ዘሩ እዚያው ቢያረጅ፣ ጥቂት መዋኘት ይጀምር ይሆናል እንጂ እንቁላል የማስረገዝ ብቃት አያገኝም። ጊዜ ብቻውን አያበስልም፤ ቦታው ነው የሚያበስለው። የዘሩ ዲኤንኤ ጠበቅ ብሎ የሚታሸገው፣ ሽፋኑ አዳዲስ ፕሮቲኖች የሚለብሰው፣ ኮሌስትሮሉ የሚስተካከለው እዚያ ነው። ጅራቱ ውስጥም አካባቢው አሲዳማ ሆኖ ቢካርቦኔቱ ስለሚያንስ፣ መዋኘት የቻለው ዘር ጉልበቱን ሳያባክን ተኝቶ ተራውን ይጠብቃል።

ይህን ሁሉ የሚያዘው ሆርሞን ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ነው ወረቀቱ እንደገና የመጣብኝ። አንዱ መንገድ ደም ነው። ሌላው ግን ከፍሬው በቱቦው ውስጥ ከዘሩ ጋር አብሮ የሚፈሰው ነው። የሰርቶሊ ህዋሳት ቴስቶስትሮንን የሚሸከም ፕሮቲን ሠርተው ወደ ቱቦው ይለቃሉ፤ ኤፒዲዲሚስ ራስ ላይ ሲደርስ ጭነቱ ይራገፋል። እዚያም 5-አልፋ ሪዳክቴዝ የተባለው ኤንዛይም ቴስቶስትሮኑን የበለጠ ኃይለኛ ወደሆነው ዲኤችቲ ይለውጠዋል። (ለፀጉር መመለጥ ወይም ለፕሮስቴት የሚወሰደው ፊናስቴራይድ የሚያግደው ይህንኑ ኤንዛይም ነው። በአብዛኛው ወንድ ላይ የዘር ፈሳሹንና ቁጥሩን በመጠኑ ነው የሚቀንሰው፤ ግን ቁጥሩ አስቀድሞ ዝቅ ያለ ሰው ልጅ እየፈለገ ከሆነ፣ ሐኪሙ አቁሞ 3 ወር እንዲጠብቅ ቢመክረው ተገቢ ነው።)

እንስሳ ፍሬው ሲወገድ ኤፒዲዲሚሱ ይሟሽሻል። ቴስቶስትሮን በመርፌ ሲሰጠው አብዛኛው ክፍል ይመለሳል፤ የኤፒዲዲሚሱ ራስ መነሻ ጫፍ ግን እምቢ ይላል። ደሙ የቱንም ያህል ቢሞላ አይመለስም፤ የሚሰማው ከፍሬው በቱቦ የሚመጣውን ድምፅ ብቻ ነው። ያ ድምፅ ምን እንደሆነ ከሚያስረዱት ግኝቶች አንዱ የመጣው በ2020 ነው። የኦሳካ ዩኒቨርሲቲው ማሳሂቶ ኢካዋና ባልደረቦቹ በአይጥ ላይ እንዳሳዩት፣ በማደግ ላይ ያሉት የዘር ህዋሳት ራሳቸው ኔል2 የተባለ ፕሮቲን ይለቃሉ። ፕሮቲኑ በቱቦው ወርዶ ኤፒዲዲሚስ ጫፍ ላይ ሮስ1 የተባለውን መቀበያ ይነካና «ተዘጋጅ፣ እየመጣን ነው» ይላል። መልእክቱ ካልደረሰ ጫፉ አይጎለምስም፤ ዘሩ ቁጥሩ ሙሉ ሆኖ እያለ አያስረግዝም።

ለእኔ ነገሩ የዞረው እዚህ ነው። ዘሩ ራሱ ነው ቤቱን አስቀድሞ የሚያስጠርገው። ስለዚህ የቴስቶስትሮን መርፌ የሚዘጋው ፋብሪካውን ብቻ አይደለም፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ከፋብሪካው በቱቦ ወደ ማብሰያው ይወርድ የነበረው ወሬም አብሮ ይቆማል። ደም ያንን ወሬ አያደርስም። «ሆርሞኔ ሞልቷል» የሚለው አባባል መልስ ያጣው ለዚህ ነው፤ ሆርሞን የት ሞላ ተብሎ ነው መጠየቅ ያለበት።

ወረቀቱን ማንበብ

በእኛ ዘንድ ልጅ ሲዘገይ መጀመሪያ የምትመረመረው ሚስት ናት፤ ብዙ ጊዜም ሁለተኛዋም ሦስተኛዋም እሷው ናት። ይህ ያሳዝነኛል፤ የወንዱ ምርመራ ከሁሉ የቀለለና በዋጋም የረከሰ ነው። ግን በትክክል ካልተደረገ አያገለግልም። ከ2 ቀን ያላነሰ፣ ከ7 ቀን ያልበለጠ መታቀብ ያስፈልጋል። ናሙናው በንጹህ ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ ይወሰዳል፤ ምራቅ፣ ሳሙና፣ ቅባትና ተራ ኮንዶም ዘሩን ስለሚጎዱ አይነካኩትም። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ብዙውን ዘር ስለሚይዙ ከፈሰሱ ለላቦራቶሪው መንገር እንጂ መደበቅ አይገባም። ቤት ከተወሰደ በውስጥ ኪስ ከገላ አስጠግቶ፣ ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ማድረስ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው ዝቅተኛ ወሰን ይህ ነው፦ መጠን 1.4 ሚሊሊትር፣ በሚሊሊትር 16 ሚሊዮን፣ በአጠቃላይ 39 ሚሊዮን፣ ወደፊት የሚዋኝ 30 በመቶ፣ መልኩ የተስተካከለ 4 በመቶ። ከወሰኑ በታች መሆን መካን ነህ ማለት አይደለም፤ በላይ መሆንም ዋስትና አይደለም። አንድ ናሙናም አይበቃም፤ ትኩሳት የነበረበት ሳምንት እንኳ ከወር በኋላ ወረቀቱ ላይ ይታያል።

ዜሮ ከተባለ ግን ዜሮ መሆኑ ይረጋገጥ። ናሙናው በ3,000 ጂ (በመሬት ስበት 3,000 እጥፍ ኃይል) ለ15 ደቂቃ በሴንትሪፉጅ ተሽከርክሮ ዝቃጩ መታየት አለበት። ሳይሽከረከር ዜሮ የተጻፈበትን ወረቀት አላምነውም፤ በዝቃጩ ውስጥ የሚገኙ አምስት ስድስት ህዋሳት የአንድ ቤተሰብን ዕድል ይለውጣሉና።

ከዚያ ሆርሞኖቹ ይለካሉ፤ ቴስቶስትሮን ጠዋት ስለሚበዛ ደሙ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢቀዳ ይመረጣል። ኤፍኤስኤች ከፍ ብሎ ፍሬው ካነሰ ችግሩ ፋብሪካው ውስጥ ነው፤ አንጎል እየጮኸ ነው፣ የሚሰማው አጥቷል። ኤልኤችና ኤፍኤስኤች ሁለቱም ከወረዱ ወይ አንጎሉ ዝም ብሏል ወይ ከውጭ ሆርሞን ገብቷል፤ ፕሮላክቲን የተባለው የፒቱታሪ ሆርሞንም መለካት አለበት። ሆርሞኖቹም ፍሬውም ደህና ሆነው ዘር ከጠፋ መንገዱ ተዘግቷል ብሎ መጠርጠር ነው። ጨብጥና ክላሚዲያ ኤፒዲዲሚስን አቁስለው ጠባሳ ይተዉበታል፤ ቲቢም ኤፒዲዲሚስን ይወዳል፤ በእኛ ሀገር ይህ መዘንጋት የለበትም። ፈሳሹ ከ1.4 በታች፣ አሲዳማና ፍሩክቶስ የተባለው ስኳር የሌለው ከሆነ መዘጋቱ ወደ መውጫው ቀርቧል ወይም የዘር ቱቦው ከፍጥረቱ የለም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ዘር እንቁላል ውስጥ በመርፌ የሚገባበት ኢክሲ የተባለው ዘዴ ከ1992 ወዲህ አለ። ከፍሬው በቀጥታ የተወሰደ ያልበሰለ ዘር እንኳ በዚህ መንገድ ልጅ ሆኗል። ኤፒዲዲሚስ ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም፤ ዘሩ በራሱ ዋኝቶ፣ በራሱ ተጣብቆ፣ በራሱ ሰንጥቆ የሚገባበትን ችሎታ ሁሉ ኤፒዲዲሚስ ነው የሚያስተምረው። የኢክሲ መርፌ የዚያን ትምህርት ፈተና ዘልሎ ያሳልፈዋል።

ወተቱ ሲመለስ

የቴስቶስትሮን መርፌ ሲቆም ምን ይሆናል? በ2006 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር ትንታኔ በሆርሞን የወሊድ መከላከያ ሙከራ ላይ የነበሩ ከ1,500 በላይ ወንዶችን ተከትሏል። መርፌውን ካቆሙ በኋላ በ6 ወር 67 በመቶ፣ በ12 ወር 90 በመቶ፣ በ24 ወር ሁሉም ወደ 20 ሚሊዮን በሚሊሊትር ይመለሳሉ ተብሎ ተሰልቷል። ያጽናናል። ግን እነዚያ የታወቀ መጠን በታወቀ ጊዜ የወሰዱ ጤነኞች ነበሩ። ለዓመታት ሦስት አራት ዓይነት ስቴሮይድ ያደባለቀ ሰው፣ ወይም ከመጀመሪያውም ቁጥሩ አነስተኛ የነበረ ሰው፣ በዚያ ሰንጠረዥ አይመራ።

መጠበቅ የማይቻል ሲሆን የኤልኤችን ሥራ የሚሠራው ኤችሲጂ ይሰጣል። ያ የ2005 ጥናት ይህንንም አሳይቷል፦ ቴስቶስትሮኑን እየወሰዱ ቀን ዘለል 250 ዩኒት ኤችሲጂ የተወጉት ላይ ፍሬው ውስጥ ያለው ሆርሞን የወረደው በ7 በመቶ ብቻ ነበር። ለሕክምና ሐኪሞች ብዙ ጊዜ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ከ1,500 እስከ 2,000 ዩኒት ይሰጣሉ፤ ከ3 እስከ 6 ወር ዘር ካልታየ ኤፍኤስኤች ከ75 እስከ 150 ዩኒት በሳምንት 3 ጊዜ ይጨምራሉ። የተበጠበጠው ኤችሲጂ ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል፤ መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ቤት ለሕክምናው አለመሥራት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ቁጥሮች የጻፍኩት ከሐኪም ጋር እንዲነጋገሩባቸው እንጂ ብቻቸውን እንዲወጉባቸው አይደለም።

ከሁሉም የሚከብደው ትዕግሥቱ ነው። 74 ቀን ለመሠራት፣ ላዩ ላይ የኤፒዲዲሚስ ጉዞ፤ ሦስት ወር ሳይሞላ የተደረገ የዘር ምርመራ የሚያሳየው ከመድኃኒቱ በፊት የተጀመረውን ሥራ ነው። በወሩ ዜሮ ሲያይ ተስፋ ቆርጦ መድኃኒቱን የጣለ ሰው ያልደረሰ እህል ለማጨድ ሄዶ ነው። መርፌውን አቁሞ በራሱ ጊዜ የሚያገግመው ላይ መጀመሪያ የሚመለሰው ዘሩ አይደለም። ኤልኤች ነው፣ ከ0.1 ወደ 1፣ ከዚያ ወደ 3። ቀጥሎ ደም ውስጥ ያለው የራሱ ቴስቶስትሮን። ዘሩ ከወራት በኋላ ነው፤ መጀመሪያ የሚታየውም በተራው ጠብታ ላይ ሳይሆን ከተሽከረከረው ዝቃጭ ውስጥ ነው፣ ሜዳ ሙሉ ፈልጎ አንድ ወይም ሁለት። በዚያ ቀን የላቦራቶሪው ባለሙያ «0» ብሎ ከመጻፉ በፊት ሁለተኛ ስላይድ ቢሠራ እለምነዋለሁ።